ውሃው አነሰ ያሉት አባት

አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ገረመው ይባላል። እጁ የተባረከ፣ በሰፈሩ «እሱ የነካው ቧንቧ አያፈስም» የተባለለት ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ይፈራል፤ ቁጣ። ሰው ከጮኸበት ምላሱ ይተሳሰራል፤ የሚያውቀውም ነገር ከአፉ አይወጣም።

ይህን ሰው አቶ ደምሰው የሚባሉ ባለጸጋ አስጠሩት። የእሳቸው ቁጣ ደግሞ የግቢያቸውን አጥር ተሻግሮ መንገደኛ ያስደነግጣል። ልጃቸው ትርሲት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ ልትታረስ ወደ አባቷ ቤት የምትገባው በዚያው ቀን ነበር። አራስ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ አይነካትም። አባት ይህ ጉዳይ አስጨንቋቸው ሰነበተና፣ ውሃውን እያሞቀ የሚያወርድ የኤሌክትሪክ ሻወር ገዙ። ገረመውም በጠዋት መጥቶ ገጠመው።

ሻወሩ ሲከፈት ውሃው ሞቋል። ግን ምን ያደርጋል፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያ እንደሚቀዳ ቀጥኖ ነው የሚወርደው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ደምሰው።

«ጋሼ፣ ታንከሩ እኮ...»

«ታንከሩ ምን ሆነ? አዲስ ታንከር ነው። ልጄ እዚህ ሥር ቆማ በብርድ ትንቀጥቀጥልህ? አራስ ናት እኮ። ስንት ባለሙያ እያለ አንተን የጠራሁት ለዚህ ነው?»

ገረመው ሊናገር የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። ታንከሩ የተቀመጠው ከሻወሩ እምብዛም ከፍ ሳይል ነው፤ ስለዚህ ውሃው ጉልበት የለውም። ሁለት ሜትር የሚያህል ማስቀመጫ ቢበየድለት ነገሩ ያልቃል። ለዛሬ ግን አራሷ ምድጃ ላይ በሞቀ ውሃ ትታጠብ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን ለማለት ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጮሁበት። በአራተኛው «እሺ ጋሼ፣ አስተካክለዋለሁ» ብሎ አረፈው።

በሩን ዘግቶ ሻወሩን ፈታው። ውሃው የሚገባበትን ጠባብ ቀዳዳ በካቻቢቴ ጫፍ ሲያሰፋ፣ ውሃውን ከኤሌክትሪክ ሽቦው የሚለየው ስስ ጎማ ቅድድ አለ። ገረመው ክው ብሎ ቀረ። ከውጭ ደግሞ «አልጨረስክም እንዴ? ከሆስፒታል ተነሥተዋል እኮ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ምን ያድርግ? ጎማውን በናስትሮ ጠቀለለና ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ሲከፍተው ውሃው ደህና አድርጎ ወረደ። አቶ ደምሰው ገብተው አዩና ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንዲህ ነው እንጂ። ችግር የለውም አይደል?»

«ምንም ችግር የለውም ጋሼ» አለ ገረመው።

ከግቢው ሲወጣ አራሷን የያዘው መኪና ሲገባ አየ። «ናስትሮው ይይዛል፣ ምን ይሆናል» እያለ መንገዱን ቀጠለ። ጥቂት እንደሄደ ግን ቆመ። ሙቅ ውሃ የናስትሮ ሙጫ እንደሚያላቅቅ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ጎማው ክፍት ከሆነ ውሃው ሽቦውን ያገኘዋል፤ ውሃው ሥር ያለውን ሰው ደግሞ ኤሌክትሪኩ ያገኘዋል። ስልክ ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። ደግሞ ደወለ፤ የለም። አራስ በገባችበት ቤት በእልልታ መሃል ማን ስልክ ይሰማል? ሕፃኑም ትዝ አለው። ላቡ በጀርባው እየወረደ ወደመጣበት ሮጠ።

በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ተያዘ። ገብቶ «ዋሽቻለሁ» ሊል ነው፤ ያን ሁሉ ቁጣ ሊቀበል ነው። ለአንድ አፍታ ሳይገባ ዞሮ መሄድ አማረው፤ እውነቴን ነው፣ አማረው። ያን ጊዜ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ውሃው ሲፈስ ሰማ። ከመስኮቱ ከውሃው በቀር የሰው ድምፅ አይሰማም። ወደ ቆጣሪው ሮጠና የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋው።

«ኧረ ውሃው ቀዘቀዘ» አለች ትርሲት ከውስጥ።

ገረመው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። አቶ ደምሰው እየጮሁ ደረሱበት፤ ክንዱን ጨምድደውም አነሱት። እሱ ግን በዚህ ጊዜ አፉ አልተያዘም።

«ይምቱኝ ጋሼ፣ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ። ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ።»

አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ትርሲት ልብሷን ለባብሳ ስትወጣ አብረው ገቡና ሻወሩን ፈታው። ናስትሮው ተላቆ ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው ሥር እርጥብ ነው። አቶ ደምሰው ቀረብ ብለው አዩት።

«ምነው ታዲያ ጠዋት ብትነግረኝ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር ጋሼ። ፈራሁዎት።»

ሊመልሱለት ሲሉ ትርሲት ጋቢዋን እንደተከናነበች ከበሩ ላይ ተናገረች።

«አባዬ፣ ገና እንደገባሁ ውሃው እጄን ይነዝረኝ ነበር።»

አባት ዞር አሉ። «ይነዝረኝ ነበር ነው ያልሽኝ? ታዲያ ለምን አልተጣራሽም?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች።

«ደክመህበታል፤ ትቆጣለህ ብዬ ዝም አልኩ።»

ወዳጄ፣ አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበሩም። የጮሁት ለልጃቸው ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው ግን የወጣው ቁጣ ሆኖ ስለነበር፣ ሊያድኗት የፈለጓት ልጅ ራሷ ሞት እጇን እየነካት ዝም አለች። ገረመውም ከጥፋት ነፃ አይደለም፤ አንዲት ቁጣ ለማምለጥ ሲል የሰው ነፍስ በናስትሮ አስሮ ሄዷል። የሚፈሩን ሰዎች ደስ የሚለንን ይነግሩናል፤ የሚያድነንን ግን ሆዳቸው ውስጥ ያስቀሩታል። እስቲ አንተም ቤትህንና የሥራ ቦታህን ዞር ዞር ብለህ ተመልከት፤ «ይቆጣል» ብሎ ዝም ያለህ ሰው ማን ይሆን? ሳይነግርህ የቀረውስ ምን ይሆን?