ለሙሽራ የምትሆን በቅሎ

«አንድ በቅሎ ገሪ ነበረ» አሉ መምህር ደምሰው። ተማሪያቸው ፌቨን፣ ለዓለም አቀፉ ዲፕሎማ የሠራችው ጥናት እሳቸው አርመው ውጤት ከሰጡት በኋላ፣ ለምን እንደገና ባሕር ማዶ ላለ ለማያውቃት መርማሪ እንደሚላክ በቅሬታ ጠይቃቸው ነበር።

ይህ ሰው የገራት በቅሎ ሁሉ ሰጋር ትሆን ነበር። ሙያውን ለልጁ አስተማረው። በዚያ አገር ደግሞ አንድ ደግ ልማድ ነበረ፤ ተማሪ የሚመረቀው ራሱ በገራት በቅሎ ነው። መጀመሪያ አስተማሪው «ለሙሽራ ናት፣ ለመንገደኛ ናት ወይም ለጭነት ናት» ብሎ ይፈርዳል። ከዚያ የመንደሩን ሰው የማያውቅ ጋላቢ ከሌላ ወረዳ ይጠራና፣ እስከ አፉ ውሃ የተሞላ ዋንጫ ይዞ ይጋልባታል። ውሃው ካልፈሰሰ ለሙሽራ ናት፤ አስተማሪው ሌላ ቢልም የሚጸናው የጋላቢው ቃል ነው። ከሌላው ተማሪ በቅሎ ጋር አትወዳደርም፤ ሁሉም ቢያልፉ ሁሉም ይመረቃሉ። ለጭነት ከተባለች ግን፣ ያን ተማሪ «በቅሎ ግራልኝ» የሚለው ሰው አይኖርም።

የልጁ ቀን ደረሰ። አባት በቅሎዋን ሲያያት ልቡ ሞቀ፤ ለሙሽራ እንደምትሆን አላጣውም። ይሉኝታ ግን ክፉ ነው። «ለልጁ አዳላ ሊሉኝ ነው» ብሎ የመንደሩን አፍ ፈራና፣ አንገቱን ደፍቶ «ለጭነት ናት» አለ። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

እንግዳው ጋላቢ ዋንጫውን ይዞ ተነሣ። ቁልቁለቱን ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ተመለሰ። ጠብታ አልፈሰሰም።

«ይህችን ለጭነት ያላት ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። የልጁ አባት ነኝና ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

«በቅሎዋ የማን ልጅ እንደገራት አልነገረችኝም። ለሙሽራ ናት፤ አበቃ።»

አባት ደስታውም ኀፍረቱም አንድ ላይ መጣበትና አለቀሰ። እሱ ፈርቶ የነፈገውን፣ ባዳው ለልጁ መለሰለት።

መምህር ወደ ፌቨን ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ አባትየው እኔ ነኝ፤ ጋላቢው ያ መርማሪ ነው። ስለማውቅሽ ላዳላልሽም እችላለሁ፣ እንዳላዳላ ፈርቼ ልበድልሽም እችላለሁ። እሱ ፊት ያለው ሥራሽና መመዘኛው ብቻ ነው፤ ከጓደኞችሽ ጋር እንኳ አያወዳድርሽም። ዝቅ አድርጌሽ ከሆነ ያነሣሻል፤ ያለ አግባብ ከፍ አድርጌሽም ከሆነ ያወርድሻል። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው ይባረክ! አንቺን የሚጠብቅሽ ከሌላ ከማንም አይደለም፤ ከእኔ ነው።»