ያልገባ ተኩላ ጭራ

አንድ ጊዜ፣ የመስቀል ወፍ በታየች በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የአህያው ነገር ሁሉ ተበላሸ። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ደስተኛ ነበር። በአንበሳ ጦር ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት በተራ ወታደርነት አገልግሏል፤ ጀርባው ደህና፣ ጥርሱ ደህና፣ የሚጠብቀውም በር ደህና ነበር። በዚያች ጠዋት ግን ከእሱ አራት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረው ጅብ አሥር አለቃ ተባለ። አህያውም በሰልፈኛው ሁሉ ፊት እግሩን ገጥሞ ለጅብ ሰላምታ ሰጠ።

«ጠጋ በል እንጂ» አለው ጅብ፣ አዲሱን የማዕረግ ቀይ ክር አንገቱ ላይ እያስተካከለ። «አለቃህ ነኝ፤ አልበላህም።»

«አውቃለሁ አሥር አለቃ» አለ አህያው። «ቁርስ ሲበሉ አይቼዎታለሁ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጅብ ቀልዱ የገባው ከምሳ በኋላ ነው።

የአንበሳ አገር ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ሰፊ መስክ ነበር። ሁለት በር አለው፤ የላይኛውን አህያው፣ የታችኛውን ጅብ ይጠብቃሉ። ከአጥሩ ውጭ ተኩላዎች አሉ፤ ውስጥ ሚዳቋዎች ግልገሎቻቸውን ይዘው ይግጣሉ። የጦሩ ደንብ አጭር ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎ ማዕረግ ያገኘ ወታደር በእርጅናው በአጥሩ ውስጥ ይጦራል። ያላገኘ ደግሞ በምስጋና ይሸኛል። የሚሸኘው ወደ ውጭ ነው።

ለአህያው የቀረው አንድ ዓመት ነበር። ስለዚህ ወደ መዝገብ ሹሟ ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ በትልቅ ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀምጣ የወታደሩን መዝገብ ታገላብጣለች።

«እመት ቀበሮ፣ ማዕረጌ ለምን ዘገየ? ጥፋት ካለብኝ ንገሪኝና ልታረም።»

«ጥፋትማ ቢኖርብህ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ ስምህ ይነሣ ነበር» አለች ቀበሮ። «ይኸውልህ ያንተ መዝገብ። ጥቅምት፣ ‹ምንም የለም›። ኅዳር፣ ‹ምንም የለም›። ታኅሣሥ፣ ‹ምንም የለም›።»

«እንዴት ምንም የለም? ታኅሣሥ ላይ ተኩላዎች ሁለቴ መጥተው ነበር። ሳናፋባቸው ተመለሱ።»

«የተመለሰ አይጻፍም። ደንቡ ከንጉሡ አያት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የጠላት ጭራ ያመጣ ይሾማል። ጅብ ሦስት ጭራ አምጥቷል። አንተስ?»

«ጅብ ሦስት ጭራ ያመጣው እኮ በሩ ላይ ተኝቶ ሦስት ጊዜ ስለተገባበት ነው! ሰባት ግልገል ተበልቷል!»

«እሱን የምጽፍበት ዓምድ የለኝም» አለች ቀበሮ በትሕትና። «የጭራ ዓምድ አለ፤ የግልገል ዓምድ የለም። እኔ የተሰጠኝን ነው የምሞላው።»

አህያው ጆሮዎቹን ጥሎ ሊሄድ ሲል ቀበሮ ጠጋ አለችው።

«ስማኝማ አያ አህያ፣ ስለምወድህ ልምከርህ። ተኩላ ሲመጣ ቶሎ አታናፋ። ትንሽ አስገባው። በልቶ ጠግቦ ሲወጣ ሰውነቱ ስለሚከብደው ጭራው እሾህ ላይ ይያዛል። ያን ጊዜ ንከስ፤ ከዚያ እንደልብህ አናፋ። ጀብዱ የሚባለው ይኸው ነው።»

«ግልገሎቹስ?»

«ሚዳቋ በየዓመቱ ትወልዳለች። ያንተ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመት ግን የሚመጣው አንዴ ነው።»

አህያው ወደ በሩ ተመለሰ። ምክሩ ግን አብሮት ሄደ፤ ሣር ሲግጥም፣ ዝናብ ሲመታውም አልተለየውም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በጳጉሜን፣ ጉም በለበሰ አንድ ረፋድ ላይ፣ አምስት ተኩላዎች ወደ ላይኛው በር መጡ። አህያው ከሩቅ ሰማቸው። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። ተኩላዎቹም ዝምታው ገረማቸው። የፊተኛው አንድ እግሩን በበሩ ውስጥ አስገባ።

«ምነው አያ አህያ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ጉሮሮህን አመመህ?»

አህያው የተኩላውን ጭራ አየ። ወፍራም ነው፤ ጫፉ ነጭ፣ ለንክሻ የሚመች። ይህ ጭራ ማለት ቀይ ክር ነው፤ ክሩ ማለት በአጥሩ ውስጥ ማርጀት ነው። ከኋላው፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ፣ አንድ ግልገል አነጠሰ።

አህያው አናፋ። የአህያ ድምፅ ለጆሮ አይጥምም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ማንንም አያስተኛም። ሚዳቋዎቹ ግልገሎቻቸውን እየነዱ ወደ መስኩ መሐል ሮጡ፤ ጎሾች ቀንዳቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ተኩላውም እግሩን አወጣ።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ!» አለ ለጓደኞቹ እየተበሳጨ። «እዚህ መምጣት ትርፉ ድካም ነው። ኑ፣ ወደ ታች በር እንውረድ።»

በታች በር ጅብ አንድ ሙሉ ደረቅ ቁርበት በልቶ ተኝቶ ነበር። ተኩላዎቹ በላዩ ተራምደው ገቡ፤ ሁለት ግልገል በልተውም ወጡ። የመጨረሻው ተኩላ ጭራው እሾህ ላይ ሲያዝ ጅብ በእንቅልፍ ልቡ አጥንት መስሎት ነከሰው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ጀግና ሆኖ ነበር።

በመስከረም ሰልፍ ላይ አንበሳ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ቀበሮም መዝገቡን አነበበች።

«አሥር አለቃ ጅብ፣ አራተኛ ጭራ፤ ሃምሳ አለቃ ተብሏል! ወታደር አህያ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ጭራ የለም፤ በምስጋና ይሸኝ።»

«እናመሰግናለን» አለ አንበሳ። «በየትኛው በር መውጣት ትፈልጋለህ?»

አህያው ከሰልፉ ወጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ በየትኛውም እወጣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የገባ ተኩላ አንዳንዴ ጭራውን ጥሎ ይሄዳል። ያልገባ ተኩላ ግን ጭራውን ይዞ ነው የሚመለሰው። የእኔን ከየት ላምጣው?»

አንበሳ ቀበሮን አየ፤ ቀበሮ መዝገቧን አየች።

«ጉዳዩ ይጠናል» አለ አንበሳ።

«ማን ያጠናዋል?»

«ኮሚቴ።»

«ሰብሳቢው ማን ነው?»

አንበሳ በሰልፉ ላይ ከሁሉ የበለጠ ማዕረግ ያለውን ፈለገ። «ሃምሳ አለቃ ጅብ» አለ።

ጅብ እንኳ አፈረ፤ ሰልፈኛው ግን ሳቁን መያዝ አልቻለም።

«እንግዲያው ደህና ሁኑ» አለ አህያው። «ከዛሬ ጀምሮ ላይኛውንም በር ሃምሳ አለቃው ይጠብቁት። ጭራ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።» ብሎም ወደ ውጭ መራመድ ጀመረ።

ያን ጊዜ በጳጉሜን ግልገሏ የተበላባት ሚዳቋ ብድግ አለች። የተረፈላትን ግልገል በአፍንጫዋ ገፋ እያደረገች አህያውን ተከተለችው።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?» አለ አንበሳ።

«እሱ ወዳለበት።»

«ውጭ እኮ ተኩላ አለ!»

«ተኩላማ እዚህም ውስጥ አይቻለሁ፣ ንጉሥ ሆይ። እሱ ካለበት ግን አልፎ ሲገባ አይቼ አላውቅም።»

ሁለተኛዋ ተነሣች፤ ሦስተኛዋም። ጥቂት ቆይቶ ሚዳቋ ሁሉ ግልገሉን ይዞ ከአህያው ኋላ ተሰለፈ። እንዲህ ያለ ሰልፍ በዚያ መስክ ታይቶ አያውቅም።

ጅብ ደነገጠ። «ግልገሎቹ ከሄዱ እኮ ተኩላ አይመጣም!» አለ። «ተኩላ ካልመጣ እኔ ጭራ ከየት አገኛለሁ?»

የቀበሮ እጅ መዝገቡ ላይ ቀረ። አንበሳ ከድንጋዩ ወርዶ ሮጠና ከአህያው ፊት ቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ! ምንድን ነው የምትፈልገው? ክር ነው? ቀበሮ፣ ቀይ ክር አምጪ! ሁለት አምጪ!»

አህያው ክሩን አየና ፈገግ አለ። ፀሐዩ ደስ ይላል፤ በዙሪያው ግልገሎች ይዘላሉ፤ ሣሩም ለምለም ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ ጉርሻ ቆረጠ።

«ክሩ ይቆይ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ እያላመጠ። «እኔ አልቸኩልም፤ ቆሞ መጠበቅ ልማዴ ነው። መጀመሪያ በዚህ ሁሉ ሰልፈኛ ፊት ይንገሩኝ፤ በላይኛው በር ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ተሠራ?»

አንበሳም አፉን ከፈተ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ ወታደር ማዕረጉ የሚዘገየው ሁልጊዜ ስላልሠራ ሳይሆን አንዳንዴ ሥራው ክፉ ነገር እንዳይደርስ ማድረግ ስለሆነ ነውና፣ እናንተ መዝገቡን የያዛችሁ ሆይ፣ ያልገባውን ተኩላ በማን ስም እንደጻፋችሁት ዛሬውኑ መልሱልን።