የጠባቦቹ ጫማዎች ፊልም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት በዚህ በእኛው ወቅት፣ ከካሪቢያን ደሴቶች በአንዷ የምትኖር ኢኒድ የምትባል ሴት ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯት። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ባሏ ሞተባት፤ ለእናቷ አደራ ሰጥታቸው ብርድ አገር ሄደች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች የራሷን ልታሳድግ። አሥራ አንድ ዓመት አልተመለሰችም። በየገናው ግን አንድ ትልቅ በርሜል በመርከብ ትልክ ነበር፦ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ሳርዲን፣ ከላይ ደግሞ ሦስት ጥንድ ጫማ። አድልዎ አታውቅም፤ ለአንዷ ቀይ ከላከች ለሦስቱም ቀይ ነው።

ከተመለሰች በኋላ ስለዚያ ዘመን በቤቱ ትንፍሽ የሚል አልነበረም። እንዲሁ ሃያ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ልጆቹ ካሜራ ተውሰው መጡና «የራሳችንን ታሪክ ፊልም ልንሠራ ነው» ሲሏት ኢኒድ «ሥራ ፈቶች!» ብላ ሳቀች። ውስጧ ግን ፈርቷል።

ትልቋ ማርቫ እናቷ ስትሄድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ኩርፊያዋም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ካሜራው በርቶ ኢኒድ ስለ አየሩና ስለ ዓሣ ዋጋ ስትቀባጥር ማርቫ አቋረጠቻት።

«እማዬ፣ ለምን አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ አላየሽንም?»

ኢኒድ ብድግ ብላ በሩ ጋ ደረሰች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። «የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ከወጣሁ መመለስ የለም፤ ካልተመለስኩ ደግሞ በርሜል የለም» አለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር።

ካሜራውን የያዘችው መካከለኛዋ ክሎዴት ናት። የእናቷን እንባ ስታይ ተነሥታ ካሜራውን እጇ ላይ አኖረችላት፤ «አሁን ደግሞ አንቺ ጠይቂን» አለቻት። ኢኒድ የቀረጸችው ምስል የሦስቱንም ግንባር ቆርጦ አገጫቸውን ብቻ ያሳያል። ጥያቄዋም አንድ ብቻ ነበር፦ «ጫማው ልክ ይሆናችሁ ነበር?»

ሦስቱም አገጮች ወደ እርስ በርስ ዞሩ። በመጨረሻ ያቺ አኩራፊ ማርቫ ከት ብላ ሳቀች። «አንድም ቀን!» ኢኒድ ለካ ትታው የሄደችውን እግር እያሰበች ነበር የምትገዛው፤ እግሩ ግን አድጓል። እነሱም እንዳይከፋት በየዓመቱ «ልክክ ብሏል» እያሉ ይጽፉላት ነበር። ሳቁ ለቅሶ፣ ለቅሶው ሳቅ ሆነ፤ ካሜራው ሲንቀጠቀጥ እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ይታያል።

ትንሿ ጆይ እናቷ ስትሄድ ሕፃን ነበረች፤ የምትናገረው ትዝታ የላትም። «ታዲያ እነዚያ ሁሉ ጫማዎች የት ገቡ?» ብላ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። የጠበቡት ለሰፈር ልጆች ተሰጥተው ኖሮ፣ በልጅነታቸው የተጫሟቸውን ሃያ ሁለት ሴቶች አገኘች፤ አንዷማ የአንድ እግሩን ጫማ እስካሁን አስቀምጣዋለች። ሁሉንም ወደብ ላይ ሰብስባ ኢኒድ የሄደችበትን ቀን ለፊልሙ እንደ ቲያትር አሠራቻቸው። የሰፈሩ ባለሱቅ የመርከብ አዛዥ ሆኖ ተወነ፤ ኮፍያውን ለሳምንት አላወልቅም አለ። ኢኒድ በደስታ የምትሆነው ጠፋት። «እኔ እኮ ያገሩን ልጅ ሁሉ አጫምቼ ኖሯል!» አለች።

ፊልሙ በዋናው ከተማ እንዲታይ ተመረጠ። የተላከው ቅጽ ግን «አዘጋጅ» የምትል አንዲት መስመር ነበረችው፤ ከሥሯ «አንድ ስም ብቻ» ይላል።

«እኔ ባልጠይቅ ምን ፊልም አለ?» አለች ማርቫ።

«እኔ ካሜራውን ባልሰጣት እማዬ ተከሳሽ ሆና ትቀር ነበር» አለች ክሎዴት።

«እኔ ሰፈሩን ባልጠራ የአራት ሰው ለቅሶ ነበር፤ ማን ያየዋል?» አለች ጆይ።

ሲሟገቱ ዋሉና ቅጹን እናታቸው ፊት አስቀመጡት። «አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ባለሱቁ ከበር ሆኖ «የራስሽን ጻፊ!» አላት።

«ተወኝ እባክህ፣ እኔ ግንባር ቆራጭ ነኝ» አለችው።

ኢኒድ እስክሪብቶውን ይዛ ሦስቱን አየቻቸው። ያኔ ስትሄድ ሦስቱንም እኩል ነበር ትታ የሄደችው። አሁን አንዷን ይዛ ሁለቱን ልትተው ነው፤ ይሄኛው ባሰባት። ቅጹን የሚወስደው የፖስታ ጀልባ ደግሞ ጥሩንባውን እየነፋ ነው።

«ሦስቱንም ትጻፍ» እንዳትሉኝ፤ እሷም ደውላ ለምና እምቢ ተብላለች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ደፍራ የጠየቀችው፣ ካሜራውን የሰጠችው ወይስ ሰፈሩን የሰበሰበችው? ኢኒድ የየትኛዋን ልጇን ስም ትጻፍ?