የሲጋራ ዋስ

አንድ ጤና ጣቢያ፣ አጫሾች እየተደጋገፉ ሲጋራ የሚተዉበት ማኅበር አቋቋመ አሉ። አገር ያስመረሩት ገዥ፣ ግራዝማች ወንድይራድ ይህን ሲሰሙ፣ «ያለ ዋስ የሚሆን ነገር የለም! አጫሹ ሁሉ ዋስ ይጥራ፤ ተመልሶ ያጨሰ እንደሆነ ዋሱ ይታሰራል» ብለው አዘዙ።

ሳል ደረቱን ሲንጠው የከረመ አንድ ሸማኔ፣ ከልቡ ሊተው ቆርጦ ቢመጣም ዋስ የሚሆነው አጣ። ይህን ጊዜ ግራዝማች ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «እኔ ራሴ ዋስ ሆኜሃለሁ!» አሉ።

ሸማኔው እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ! እርስዎ ዋስ ከሆኑኝማ መተዌ ቀረ።»

«እንዴት? ለእኔ ክብር ስትል አትተውም?»

«እኔስ እተው ነበር፤ አገሬው መች ያስተወኛል? ሲጋራውን እየገዛ፣ እየለኮሰ አፌ ላይ ይሰካልኛል እንጂ!»