አባት የሚያውቅ ማሽን

አንድ ቀን፣ እሱም ነገሬ ሁሉ የተጣመመበት ሐሙስ ነው፣ መሥሪያ ቤታችን ከተተከለ ወር ያለፈውን ትልቁን ኮምፒውተር ሊያስመርቅ ምክትል ሚኒስትሩን ጋበዘ።

ኮምፒውተሩ አንድ ነው። ከእኔ መኖሪያ የሚሻል ቀዝቃዛ ክፍል ተሰጥቶታል፤ እዚያ ሆኖ በየቢሮው በተተከሉ ስክሪኖች በኩል ሁላችንንም ባንድ ጊዜ ያስተናግዳል። ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብለህ ስምህንና የምስጢር ቃልህን ትጽፍለታለህ። ካወቀህ ግባ ይልሃል፤ ካላወቀህ አላውቅህም ይልሃል። በዚያ መሥሪያ ቤት ለሰው ቁርጡን የሚናገር እሱ ብቻ ነበር።

ማሽኑን የተከሉት ፈረንጆች ናቸው። በእነሱ አገር ሰው የሚታወቀው በቤተሰቡ ስም ስለሆነ፣ እኛንም በየአባቶቻችን ስም አስገብተውን ሄዱ። እኔ መኳንንት ሽበሺ፣ ለማሽኑ ሽበሺ ነኝ። አባቴ የእጅ ባትሪ እንኳ ሳይዝ የሞተ ገበሬ ነው፤ ማሽኑ ግን ጠዋት ጠዋት «ሽበሺ፣ እንደምን አደርክ» ይለው ነበር። በማሽኑ የምንሠራው ሁላችንም ይህን ለምደነዋል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርጋው ግን አያውቁም። ፊደል መምታት የታይፒስት ሥራ ነው ብለው ጣታቸውን አሳርፈውበት አያውቁማ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ ነበርኩ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊነት ግን ለናሁሰናይ ተሰጠ። ናሁሰናይ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ክፍሉ እንደሚበርድ ነው፤ ለዚያም የቆዳ ጃኬት ገዝቷል። «በውድድር አልፎ ነው» ተባለ። ተወዳዳሪው እኔ ነበርኩ፤ ውድድሩን ግን አላየሁትም። የማን ልጅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የአባቱን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ግን አልነበረም።

እንግዲህ ምክትል ሚኒስትሩ መጡ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። አቶ ዘርጋው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ጫጩት ጥሬ እንደሚለቅም ባንድ ጣት እየለቀሙ «ዘርጋው» ብለው ጻፉ። የምስጢር ቃላቸውንም አስከተሉ። ማሽኑ እምቢ አለ። ደገሙት። አሁንም እምቢ አለ።

«ምነው አቶ ዘርጋው» አሉ ምክትል ሚኒስትሩ፣ «የገዛ ማሽንዎ ካደዎት?»

አቶ ዘርጋው ላብ በላብ ሆነው ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። ናሁሰናይ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«አንተ፣ ተምሬያለሁ የምትለው፣ ና እስቲ። ምን አድርገኸው ነው?»

«ምንም አላደረግሁትም ጌታዬ። ይሄ ማሽን ሰውን የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ለእሱ ዘርጋው ማለት እርስዎ አይደሉም፣ ናሁሰናይ ነው። እርስዎ ጉልላት ብለው ይሞክሩት።»

«ናሁሰናይ ደግሞ ማነው?» አሉ ምክትል ሚኒስትሩ።

«የኮምፒውተር ክፍላችን ኃላፊ ነው፣ ክቡርነትዎ። ያ ባለጃኬቱ።»

ምክትል ሚኒስትሩ ባለጃኬቱን አዩ፤ አቶ ዘርጋውን አዩ፤ የሁለቱን አፍንጫ ደግመው አስተያዩ። ያጨበጨበው ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከተተ።

አቶ ዘርጋው ቱግ አሉ። «ሰውን በራሱ ሳይሆን በአባቱ የሚያውቅ፣ ይሄ ምን ዓይነት ማሽን ነው? እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ነው የተማረው?»

«አይፍረዱበት ጌታዬ» አልኩ፣ «ለመሥሪያ ቤቱ እንግዳ ነው። የቅጥር ኮሚቴያችን ሲሠራ አይቶ ይሆናል።»

ምክትል ሚኒስትሩ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳል ይሁን ሳቅ እስከ ዛሬ አልተጣራም። የተጣራው የእኔ ጉዳይ ነው፤ በሳምንቱ «ለኮምፒውተር ባለሙያነት» ተብዬ መብራት ወዳልገባበት ወረዳ ተዛወርኩ። ናሁሰናይ ደግሞ፣ ይኸው በውድድር፣ የአባቱን ወንበር ወርሷል።

እኔ ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም። ነገ ተመለስ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ መስክ ወጥተዋል። ጥፋቴ ምን እንደነበር የነገረኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። ያ ማሽን ብረት ሆኖ እንኳ የማያውቀውን ሰው ደጅ አያስጠናም ነበር። እናንተ በዚያ ወንበር የተፈራረቃችሁ ሁሉ፣ እስቲ ከማሽኑ ያነሳችሁ አትሁኑ፦ ወይ ግባ በሉኝ፣ ወይ አላውቅህም በሉኝ፤ ብቻ አንዳችሁ መልሱልኝ።