«አትጥፋ» የተባለው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ልጆቻቸውን ሩጫ ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ ዳለቻ የሚባል ጎረምሳ አህያ ነበር። እግሩ ፈጣን ነው፤ በሰፈሩ ሜዳ የሚቀድመው አልነበረም። ነገር ግን ክረምቱ ሳይወጣ ከአንዱ የሩጫ ትምህርት ቤት ካልገባ፣ እንደ አባቱ ጭነት ተሸክሞ ማርጀት ነው ዕጣው።

አንድ ቀን የአንበሳ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ የሆነው፣ ምላሱ ጤፍ የሚቆላው ቀበሮ ሜዳው ላይ ብቅ አለ። ዳለቻ ሲሮጥ ለአፍታ አየና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም። በል አትጥፋ» ብሎት ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቀውም።

መቼም ስንለያይ «አትጥፋ» የማንለው ሰው የለም። ይህ የዋህ ግን ነገሩን እንደ ቃል ኪዳን ያዘውና፣ እንዳልጠፋ ብሎ ከሜዳው ንቅንቅ አልል አለ። ከወንዙ ማዶ ትንሽ ትምህርት ቤት ያለው ከርከሮ ሦስት ጊዜ መጣ። ኮቴውን አገላብጦ አየ፤ ዳገት ላይ ትንፋሹ የቱ ጋ እንደሚያጥረው ጠየቀ፤ እናቱ ዘንድ ሄዶም ምን እንደሚበላ አጣራ። ዳለቻ ግን እኔን የሚጠብቀኝ አንበሳ ነው እያለ አፍንጫውን ነፋበት። እናቱ ብትቆጣውም አልሰማት።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጅብ እያነከሰ መጥቶ አጠገቡ ተዘረፈጠ። ዳለቻ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቀው፣ ጅቡ አንበሳ ቤት የሚጠብቀውን አጥንት እያሰበ ምራቁን ዋጠ።

«ቀበሮው አትጥፋ ብሎኛል» አለ።

«አንተን? በዚህ እግርህ?»

«እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም ነው ያለኝ።»

የዳለቻ ደም ፈላ። ወዲያው ተነሥቶ ወደ አንበሳ ትምህርት ቤት ገሠገሠ። ቀበሮው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ማን ልበል?» አለው።

«አትጥፋ ብለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ መቼ ጠፋህ? ይኸው አለህ» አለና ሳቀ።

ቦታው ከሞላ ሰንብቷል። ቀበሮው ያን ሁሉ ጎረምሳ ሲያሞግስ የከረመው ከመረጣቸው አንዱ ቢጎድልበት ማሟያ እንዳያጣ ነበር። የእናትን ልጅ በአንድ ቃል ሜዳ ላይ አስሮ ማስቀረት ምን የሚሉት ግፍ ነው? ዳለቻ ዞር አለና፣ ቀበሮው ሳቁን ሳይጨርስ መንጋጋው ላይ ርግጫውን አቀመሰው።

ንዴቱ ሳይበርድለት ከርከሮ ዘንድ ደረሰ። ከርከሮ ቦታውን ከትናንት በስቲያ ለድኩላ መስጠቱን ነገረው።

«ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር የኔ ልጅ» አለው። «አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለህ ብታነጋግረኝ ምን ነበረበት?»

ዳለቻ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ቀበሮውንስ ረገጠው፤ ራሱን የሚረግጥበት እግር ከየት ያምጣ? መስከረም ሲጠባ ጀርባው ላይ ሁለት ጆንያ ጨው ተጫነበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ከልቡ የሚፈልገን ደጋግሞ እንደሚመጣና እንደሚጠይቀን፣ አሞግሶን የሚያልፍ ግን ስማችንን እንኳ እንደማይዝ ነው።