እርስዎ የተባለችው ዶሮ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ዶሮ ያላችሁ እሰሩ። ተረቴ የዶሮ ነው፤ የዶሮ ብቻም አይደለም።

ቺዮ የምትባል ጃፓናዊት ነበረች። በበጎ ፈቃድ ሳይንስ ልታስተምር አገራችን መጥታ፣ ለሥልጠናው ሁለት ወር ባሕር ዳር፣ እማማ ማንአህሎሽ ቤት ተቀመጠች። ሰፈርተኛው ቺዮ ማለት ቢከብደው "ጽዮን" ብሏት አረፈው። የአማርኛ አስተማሪዋ ጋሽ አለልኝ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ግራ ከገባሽ እርስዎ በዪ። ተከበርኩ ብሎ የተጣላ ሰው የለም" ብለው መከሯት። እሷም ምክር ሰሚ ናትና ሰውን ሁሉ እርስዎ አለች። ሰው ሲያልቅባት እንስሳውንም ዕቃውንም እርስዎ አለች።

የቋንቋ ፈተናው ቀን ደረሰ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የቀረ ወደ አገሩ ይመለሳል። መንገዱ በእግር ሩቅ፣ በብስክሌት ቅርብ ነው። ያለ ሄልሜት ብስክሌት ላይ የታየ ሠልጣኝ ግን እሱም ወደ አገሩ ይመለሳል። ቺዮ ብስክሌቷን ጠራርጋ ወደ ሄልሜቷ ዞር ብትል፣ የእማማ ቀይ ዶሮ ውስጡ ዘፍ ብላ ተቀምጣለች። እማማ ደግሞ ወፍጮ ቤት ሄደዋል።

እማማ ዶሮ ሲያባርሩ ምን እንደሚሉ ቺዮ ሰምታለች፤ ማለቴ የሰማች መስሏታል። "እሺ፣ እሺ" አለቻት።

"እሺ ካልሽማ ምን ቸገረኝ" ብላ ዶሮዋ ይበልጥ ተመቻቸች። ቺዮ እጇን ብትሰድ ጠቅ አደረገቻት። "እባክዎ ይነሱልኝ" ብላ ብትለምናት፣ "እርስዎ የተባለ ከመቀመጫው አይነሳም" አለቻት።

ቺዮ ወደ ውሻው ሄደች። "ጌታዬ ውሻ፣ እኚያን ዶሮ ያባርሩልኝ።"

"'ሂድ ከዚህ!' እየተባልኩ ኖሬ ዛሬ ገና ጌታ ተባልኩ" አለ ውሻው። "ጌታ ዶሮ ሲያባርር የት አይተሻል?" ውሻው ዶሮዋን አላባርርም አለ፤ ዶሮዋ ከሄልሜቱ አልነሳም አለች፤ የቺዮ ፈተና እየደረሰ ነው።

ወደ በጉ ሄደች። "የተከበሩ በግ፣ እኚያን ውሻ ይውጉልኝ።"

በጉ ለበዓል የተገዛ ነው። "የተከበሩ ከተባልኩማ ከመታረድም ሳልተርፍ አልቀርም" አለ። "በጠብ ስሜን አላጠፋም።" በጉ ውሻውን አልወጋም አለ፤ ውሻው ዶሮዋን አላባርርም አለ፤ ዶሮዋ ከሄልሜቱ አልነሳም አለች፤ ሁለት ሰዓትም አለፈ።

በጉ ወደታሰረበት ገመድ ጎንበስ አለች። "የተከበሩ ገመድ፣ እኚያን በግ ይጎትቱልኝ።"

"ትልቅ ሰው እግሩን ዘርግቶ ያርፋል እንጂ ከበግ ጋር አይጓተትም" ብሎ ገመዱ ተዘረጋ። ገመዱ በጉን አልጎትትም አለ፤ በጉ ውሻውን አልወጋም አለ፤ ውሻው ዶሮዋን አላባርርም አለ፤ ዶሮዋ ከሄልሜቱ አልነሳም አለች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ማድ ቤት ገብታ ቢላዋውን ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። እንደ አገሯ ወግ ከወገቧ እጥፍ ብላ እጅ ነሳችው። "ክቡር ቢላዋ፣ እኚያን ገመድ ይቁረጡልኝ።"

"ክቡር ያልሽኝ እኔን ነው? እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሽንኩርትም አልቆርጥ!" አለ። ቢላዋው ገመዱን አልቆርጥም አለ፤ ገመዱ በጉን አልጎትትም አለ፤ በጉ ውሻውን አልወጋም አለ፤ ውሻው ዶሮዋን አላባርርም አለ፤ ዶሮዋ ከሄልሜቱ አልነሳም አለች። ቺዮ እንባዋ መጣ። ያን ሁሉ ለፍታ በዶሮ ምክንያት ልትባረር ነው።

በዚህ መሃል እማማ ማንአህሎሽ ዱቄታቸውን ተሸክመው ደረሱ።

"አንቺ ጽዮን፣ ለማን ነው የምትሰግጂው?"

"ለቢላዋው ነው፣ እማማ። ገመዱን አልቆርጥም ብለዋል። ገመዱም በጉን አልጎትትም ብለዋል፤ በጉም ውሻውን አልወጋም ብለዋል፤ ውሻውም ዶሮዋን አላባርርም ብለዋል፤ ዶሮዋም ከሄልሜቴ አልነሳም ብለዋል።"

"ብለዋል? ቢላዋው 'ብለዋል'?" እማማ ዱቄቱን አውርደው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንባዋን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት። "ስሚኝ ልጄ፤ እርስዎ ለእንግዳ ነው፣ ለሩቅ ሰው ነው። የቤት የሆነ አንተ፣ አንቺ ነው የሚባለው፤ ስድብ አይምሰልሽ። ዶሮ ደግሞ 'እሺ' አትባልም፤ 'እሽ!' ነው። መጨረሻውን አታስረዝሚው፤ ቁረጪው።"

ቺዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንተ ቢላዋ! ቁረጥ!"

ወይ ጉድ! ቢላዋው ገመዱን ሊቆርጥ ብድግ አለ፤ ገመዱ በጉን ሊጎትት ተወጠረ፤ በጉ ውሻውን ሊወጋ አጎነበሰ፤ ውሻው ዶሮዋን ሊያባርር ዘለለ፤ ዶሮዋ ግን አሁንም እንደኮራች ነበረች።

"አንቺ ዶሮ! እሽ!"

ዶሮዋ ከሄልሜቱ ተነስታ በአጥሩ ላይ በረረች። ቺዮ ሄልሜቷን አራግፋ አጠለቀች፤ ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ግቢው በር ሮጠች። በሩ ተቀርቅሯል፤ እጆቿ ደግሞ ብስክሌቱን ይዘዋል።

"እማዬ፣ በሩን ክፈቺልኝ!" አለች።

እማማ ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ባሉበት ቀሩ። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ በዚያ ግቢ እማዬ ክፈቺልኝ ያላቸው አልነበረም። ደስ ብሏቸው ወደ በሩ ሄዱ። መወርወሪያውን ጨብጠው ቆሙ።

"አልከፍትም" አሉ።

"ምነው?"

"አንዴ ካልደገምሽልኝ አልከፍትም።"

"ኧረ እማዬ፣ ረፈደብኝ፤ ክፈቺልኝ!"

በሩ ተከፈተ። ቺዮም በሰዓቱ ደረሰች፤ ፈተናውንም አለፈች። በአንዱ "አንቺ" ዶሮዋ በረረች፤ በሌላው "አንቺ" እማማ በር ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ጨረስኩ፤ ሰሚ ይባረክ፣ ዶሮም በቆጧ ትደር።